የታችኛው ሰፈር ኩሬና ኦፕሬተሩ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሬት ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። በመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነበር፤ ሰፈሩም ጡረታ ከወጣ በኋላ ሳይቀር «ኦፕሬተሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ሚስቱ ሲያሻት «መጀመሪያ ያገባው ማሽኑን ነው፤ እኔ የተደረብኩ ነኝ» ትላለች። እውነት አላት። እሁድ እሁድ ቤት ውሎ ሲጨንቀው የሶፋውን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግራውን ወደፊት ቀኙን ወደኋላ እያደረገ፣ የሌለ ማሽን ሲነዳ ስንቴ ይዛዋለች።

በሙያው ግን ማንም አይመጣበትም። ሌላው ኦፕሬተር የሚቆፍረውን በዓይኑ ያያል፤ እሱ በእጁ ነበር የሚያየው። የማሽኑ ጥርስ መሬት ውስጥ ሲገባ እጀታው ላይ ከምትመጣው ንዝረት ተነሥቶ፣ ከስር ያለው ዋልካ ይሁን አሸዋ፣ ጠጠር ይሁን አለት፣ አፈሩ ገና ሳይወጣ ይናገራል። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። እያደር ግን ናሙና ከማስመርመራቸው በፊት ወደ እሱ መጥተው «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ይመስልዎታል?» ማለት ለመዱ።

መንገድ በሚያልፍበት ሁሉ ረግረጉን፣ ኩሬውን፣ ምንጩን በአፈር የሚሞላውም እሱ ነበር። እንቁራሪቱ ከውሃው እየዘለለ ሲወጣ፣ ወፎቹ ተነሥተው ከላይ ከላይ ሲዞሩ፣ እሱ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ልብ ብሎት ስለማያውቅ ነው።

የተወለደበት ቤት ከሰፈሩ ግርጌ፣ ከኩሬው ዳር ነው። እሱ አግብቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲወጣ እዚያ ቤት የቀረችው ታላቅ እህቱ ነች፤ እትዬ እያለ ነው የሚጠራት። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከኩሬው ፊላ እያጨደች ምንጣፍ ትሠራለች። ፊላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የውሃ ዳር ሣር ነው። በበጋ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ ትገባለች፤ ማጭዱን ከውሃው በታች ሰዳ ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትቆርጣለች፤ ሥሩ ከተነካ ዳግመኛ አይበቅልማ። ያጨደችውን አጥሩ ላይ ታሰጣለች፣ ሲጠወልግ ትሰነጥቀዋለች፣ ከዚያ በሩ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየተጫወተች ትሠራለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲሄድ የለበሳትን ሸሚዝ ሳይቀር የገዛችለት በምንጣፍ ነው።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የታችኛው ሰፈር ኩሬ በአፈር ተሞልቶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሆናል ይላል። ወረቀቱን መጀመሪያ ያነበበችው፣ ሰው ሁሉ «ቲቸር» የሚላት ጡረተኛ የሳይንስ መምህርት ናት። ግማሹ ሰፈር የእሷ ተማሪ ነው። ጠዋት ጠዋት መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ኩሬው ዳር እየሄደች፣ ያየችውን የወፍ ዓይነት አንድ አረንጓዴ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እስካሁን ሃምሳ ሦስት ዓይነት ወፍ ጽፋለች። ወረቀቱን ባየች ማግስት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች።

ኦፕሬተሩ ቤት ስትመጣ በጨዋ ደንብ ሸኛት።

«ቲቸር፣ ወረቀት አንዴ ከተለጠፈ አለቀ። እኔ ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት» አላት።

ከሦስት ቀን በኋላ እትዬ ራሷ መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱን መውጣት ካቆመች ዓመት አልፏታል። እያለከለከች ገብታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሚስቱ ውሃ ሰጠቻት፤ ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ስንት ኩሬ ደፍነሃል?» አለችው።

«እንዴት?»

«ዝም ብለህ ቁጠራ።»

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ሁለት እንደረሳ ትዝ አለው።

«በል፣ ይቺን አንዷን አትርፍልኝ» አለችው እትዬ። «ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።»

እውነትም ጠይቃው አታውቅም ነበር። በማግስቱ ፈረመ። መፈረም ብቻ አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ሲጠራ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ቲቸር ስለ ወፎቹ በሚገባ ተናገረች፤ ባለሥልጣናቱ በትሕትና ሰምተው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ኦፕሬተሩ ተነሣ። ንግግር አያውቅም። የደፈናቸውን አሥራ ስድስት ቦታዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ የትኛው መንገድ በስንተኛው ዓመት እንደሰመጠ፣ የትኛው ሰፈር ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እንደሚገባበት ነገራቸው። «አፈር የደፋሁት እኔ ነኝ። ውሃው ግን አልጠፋም፤ ሰው ቤት ነው የሄደው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። ወረቀቱ በወሩ ተነሣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ውስጥ እንደ ልቡ መራመድ አልቻለም፤ የማይጨብጠው ሰው የለም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድ ሰው አጨብጭቦለት አያውቅም።

ማዘጋጃ ቤቱ ኩሬውን ለሰፈሩ ሲያስረክብ ግን አንድ ቃል ጨምሮበታል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ «ካልለማ» ተመልሶ ይወሰዳል። ኮሚቴ ተመረጠ። ቲቸር ሰብሳቢ፣ ልብስ ሰፊው ጸሐፊ፣ ኦፕሬተሩ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኑ። ሰፈሩ ለአምስት ቅዳሜ ቦት ጫማ አድርጎ ወጣ። ከውሃው ያልተጎተተ ነገር የለም፤ ጎማ፣ ፍራሽ፣ ከነማጠፊያው ያለ በር፣ የልብስ ስፌት መኪና ጭምር። ልብስ ሰፊው መኪናዋን አገላብጦ አይቶ «እዚህ ውስጥ ያልተገኘ የእኔ ዕድል ብቻ ነው» ሲል ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከሥራው ሁሉ ደግ የነበሩት እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ስንት ጥሩ ነበር።

አልቆመም። በጋ ሲገባ ኩሬው እንደ ልማዱ ሸሸ፤ ደለል የሞላው መሀሉ ደርቆ ዳር ዳሩን ብቻ ውሃ ቀረው፣ ሸተተም። ሊጎበኙ የመጡት ባለሥልጣናት አፍንጫቸውን ይዘው «ይሄ ነው የለማው?» አሉ። ኮሚቴው ደነገጠ። ቲቸር ካርቶን ላይ ሥዕል ሠራች፤ መሀሉ በሁለት ሜትር ቢጠልቅ ውሃው ከክረምት እስከ ክረምት ይደርሳል የሚል ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሣው ግን ኦፕሬተሩ ነበር። ሥዕሉ የእሷ ሆነ እንጂ ነገሩ የወጣው ከእሱ አፍ ነው።

ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ለሰፈሩ ቀረበ። ሰው በተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። እትዬ ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ ያን ዕለት ግን እጇን አውጥታ ተነሣች።

«እኔ የምለው ታቹን አትንኩት ነው» አለች። «ቆሻሻውን አጽዱ፣ ዳሩን አጥሩ። ታቹን ግን ተዉት። አርባ ዓመት የረገጥኩት ነው። እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ጭቃ አለ፤ ውሃውን የያዘው እሱ ይመስለኛል። ከእሱ ስር ምን እንዳለ አላውቅም።»

«ውፍረቱ ምን ያህል ይሆናል?» አለቻት ቲቸር።

«ምን አውቄ? ቆፍሬው አላውቅ።»

ኦፕሬተሩ ተነሣ። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ፈገግ ብሎ ጠበቀው፤ እሱም ይህን አወቀ።

«እትዬ በእግሯ ትለካለች፤ እኔ ደግሞ በማሽን» አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣፍጦት ጨመረበት። «ለመሆኑ እኔ ምንጣፍ ስትሠሪ መጥቼ፣ ይቺን በዚህ አጥፊያት ብዬሽ አውቃለሁ? ጉድጓዱን ለእኔ ተይልኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እትዬም አብራ ፈገግ አለች፤ ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠች። በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያች ቀልድ የሚጸጽተው የለም። ክፉ ቃል አልነበረችም። ግን እጇን ያወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያወረደባት ደግሞ እሱ።

ቲቸር አልሳቀችም ነበር። «ለማንኛውም አንድ ቦታ በእጅ ቆፍረን ብናየውስ?» አለችው ሰው ሲበተን።

«ቲቸር፣ እኔ እያለሁ?» አላት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ማሽኑን ለሦስት ቀን አዋሰው። አራተኛው ቀን የምረቃው ቀን ነው፤ ባለሥልጣናት ይመጣሉ፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የተማሪዎች ሰልፍ ተለማምዷል። ኦፕሬተሩ ሁለት ዓመት ያልነካውን እጀታ ሲጨብጥ እጁ ወዲያው አስታወሰው። የመጀመሪያው ቀን ዋልካ፣ ሁለተኛውም ቀን ዋልካ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከባልዲው አልላቀቅ የሚል ጭቃ። ጡብ ሠሪው በሁለት መኪና እያመላለሰ ወሰደው፤ እንዲህ ያለ ምርጥ ጭቃ ከየት ይገኛል ብሎ መረቃቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዳሩ ሁሉ በተመልካች ተሞልቶ ሳለ፣ እጀታው ተለወጠበት።

ስስ የሆነች መንቀጥቀጥ ናት። ዋልካ ጥርሱን ይዞ ይጎትታል፤ ይሄ ግን ለቀቀው። ከዚያ ባልዲው ሲነሣ ከጥቁሩ ስር ቢጫ ነገር ፈሰሰ። አሸዋ ነው፤ ከመንገድ ሥራ ዘመኑ ሲያውቀው የኖረ፣ ውሃ እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ንጹሕ አሸዋ። ሞተሩን ዝቅ አደረገ።

ቲቸር ከዳር ሆና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ጠየቀችው፤ «ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?»

ሰዉን አየ። የተተከለውን ድንኳን አየ። ያጨበጨቡለት እጆች ሁሉ እዚያ ነበሩ። እትዬ ከበሯ ላይ ተነሥታ ወደ እሱ ታያለች። ማሽኑ ደግሞ ዛሬ ማታ መመለስ አለበት።

«ምንም አይደለም» አለ።

ከጎን የቀረችውን ጥቂት ዋልካ ጠርጎ አሸዋው ላይ አለበሰው፤ በባልዲው ጀርባ መታ መታ አድርጎ ጠቀጠቀው። ይበቃል፣ ክረምቱ ደለል ያመጣለታል፣ ራሱን ይደፍናል ብሎ ለራሱ ነገረው። ውስጡ ግን አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ያን ያህል ውሃ እንደማይሸከም ያውቅ ነበር። እሱ የማያውቀውን ማን ይወቅለት?

ምረቃው አማረ። ክረምቱም ጥሩ ዘነበ፤ ኩሬው ሞልቶ ዳሩ ላይ ከተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች እግር ስር ደረሰ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው እየመጣ ፎቶ ተነሣበት። ኦፕሬተሩ ግን ዝናቡ ባቆመ ሳምንት አንድ ዱላ በምላጭ እየቀረጸ ምልክት አውጥቶበት፣ ሰው የማያይበት ጥግ ላይ ውሃው ውስጥ ተከለው። በማግስቱ አንድ ጣት ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ሦስት ጣት። ለማንም አልተናገረም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለ።

ሰው መጀመሪያ ፀሐዩን አማ። ቀጥሎ ንፋሱን። በጋው እኩሌታ ላይ ሳይደርስ መሀሉ ታየ፤ ቀድሞ ዳር ዳሩ እንኳ ይተርፍ የነበረው ውሃ ያን ዓመት ሁሉም ወደ መሀል ወርዶ፣ በመሀሉ በኩል ጠፋ። ዓሣዎቹ በመጨረሻዋ ጭቃ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ሲዘጉ ሰፈሩ በባልዲ ሊያድናቸው ተሯሯጠ፤ የሚወስድበት ግን አልነበረውም። ወፎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ መጡና በዓሣው ጠገቡ፤ ከዚያ ሄዱ። ፊላው ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም በንፋስ እየተንኮሻኮሸ ተኛ።

እትዬ አንድ ከሰዓት ወደ ደረቀው መሀል ወርዳ ስትመለስ ወንድሟን ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው። እግሯ ላይ የተጣበቀውን ቢጫ አሸዋ በእጇ አራገፈች።

«ስትቆፍር አሸዋ አግኝተህ ነበር?» አለችው።

«የምን አሸዋ?»

«እንጃ፣ ጠየቅኩህ።»

«አላገኘሁም።»

አየችው። እሱ አጥሩን አየ።

«እሺ» አለችና ገባች።

ከዚያ ወር ጀምሮ ሰዉ የሚወቅሰው አጣና ሥዕሉን አስታወሰ። ሁለት ሜትር ያለችው ቲቸር ናት፤ ሰብሳቢዋ ቲቸር ናት። ማንም ፊት ለፊት አልሰደባትም፤ ሰላምታው ግን አጠረ። በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «የሂሳብ ስህተት የሠራሁ ይመስለኛል። የትነቱን መጠን አሳንሼ ገምቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ኦፕሬተሩ ከአጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት» አላት፤ ይህን ከየት አምጥቶ እንዳለው እስከ ዛሬ አይገባውም። ማዘጋጃ ቤቱ ኩሬውን መልሶ አልወሰደም፤ ለደረቀ ጉድጓድ ማን ይጓጓል? ረሳው። ቲቸር ግን በሦስተኛው ወር ቤቷን አከራይታ ወንድሟ ወዳለበት ከተማ ሄደች። ሻንጣዎቿን መኪና ላይ የጫነላት እሱ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዳቦውን አስቀምጦ ለሚስቱ ከአሸዋው ጀምሮ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«እና ለእኔ ነው የምትነግረው?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ኩሬ የለኝም።»

ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። እትዬ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊላ ስለሌለ በቀጫጭኑ የተቀደደ የፕላስቲክ ገመድ ነው የምትሠራበት፣ ጣቷን እየቆረጣት። ቆሞ ነገራት። ቀና ሳትል ሰማችው።

«አውቄ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትናገር እየጠበቅኩ ነበር። ሲቆይብኝ ጊዜ መጠበቁን ተውኩት።»

አልረገመችውም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችው። ብትቆጣው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ሲል «ተው፣ ገመዱን ትረግጥብኛለህ» አለችው።

ከኮሚቴው የቀሩት ሰዎች ልብስ ስፌቱ ቤት ተሰበሰቡ። ኦፕሬተሩ በጨርቅ ጥቅልሎቹ መካከል ቆሞ ተናገረ። ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠና፣ «ቲቸርን መኪና ላይ ያሳፈርካት አንተ ነህ አይደል? እንግዲህ ለእሷም አንተው ትነግራታለህ» አለው። ቀልደኛው ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር ቀልዶ አያውቅም።

ሊጠግኑት ሞከሩ። መጀመሪያ ወደ ጡብ ሠሪው ሄዱ፤ ጭቃው አልቋል፣ ጡብ ሆኖ ተሽጧል። የኩሬው ወለል በሦስት ሰፈር ውስጥ አጥር ሆኖ ቆሟል። ሌላ ዋልካ ከወንዙ ማዶ ተገኘና በጋሪ ተጋዘ። ማሽን አልጠሩም፤ ኦፕሬተሩ ራሱ እንዳይጠሩ ለመናቸው። ጭቃውን በውሃ እያራሱ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ጎን ለጎን ተያይዘው በእግር ረገጡት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። እሱ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፤ ወገቡ ተይዞ ሳለ እንኳ አልቀረም። እትዬ ከበሯ ላይ ሆና «ግራ በኩል ስስ ነው፣ እዚያ ጨምሩ» ትላለች፤ ያለችበት ቦታ ሁሉ ይጨመራል። አሁን የማይሰማት ሰው አልነበረም።

ቀጣዩ ክረምት ሲያልፍ ውሃው ቆመ። ሁሉም አይደለም፤ ከቀድሞው ሲሦ ቢሆን ነው። ዋልካው ለዚያ ብቻ ነው የበቃው። የቀረው ቦታ ሣር አበቀለ፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንቁራሪቶች ተመለሱ። ሁለት ዳክዬ መጥተው አንድ ወር ቆይተዋል የሚሉ አሉ፤ የሚቆጥር ሰው ግን የለም፤ አረንጓዴው ደብተር ከቲቸር ጋር ሄዷል። ፊላው አልበቀለም። ሥሩ ለሁለት በጋ ሲደርቅ ሞቷል፤ ከሌላ ቦታ ያመጡት ሥርም አልያዘ አለ። እትዬ ጣቶቿ ከተቆላመሙ በኋላ ፕላስቲኩንም ተወችው።

አውቶቡስ ተሳፍሮ ቲቸርን ሊያያት የሄደው የዚያን ዓመት ነው። አራት ሰዓት መንገድ ነው፤ አራቱንም ሰዓት የሚለውን ሲያጠና ሄደ። የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳዋ የሚያየው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያና የውሃ ታንከር ነው። በሩን ስትከፍት በጣም ደስ አላት። ሻይ አፈላች፣ ስለ እያንዳንዱ ሰው በየተራ ጠየቀችው፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ዲግሪዋን መያዟን ስትሰማ አጨበጨበች።

ሻዩ ሲያልቅ ተናገረ። ያጠናውን ሁሉ ረስቶት «ስህተቱ የእርስዎ አልነበረም፤ አሸዋውን አይቼው ነበር» ብቻ ነው የወጣው።

ቲቸር መነጽሯን አወለቀች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ የታጠፈ ካርቶን ይዛ ወጣች፤ ያች ሥዕል ናት። ዳርዋ ሁሉ በእርሳስ በተጻፉ ቁጥሮች ተሞልቷል፤ ተሰርዞ እንደገና የተሠራ፣ በላዩ ላይ ሌላ የተሠራ።

«የት ጋ እንደተሳሳትኩ ስፈልግ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት። በየትኛውም መንገድ ብሠራው ውሃው እስከ ሰኔ ይደርሳል። አእምሮዬ ደከመ፣ እርጅና ነው ብዬ የልጆች ማስጠናቱን እንኳ ተውኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ያን ቀን ምን ሆነ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለችው፤ ድምጿ የተቆጣ አይደለም፣ የገረመው ሰው ድምፅ ነው። «እዚያው ላይ ቢነግሩኝ ምረቃውን ማዘግየት ነበር። ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ሳምንት ማዘግየት።»

ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ ጭብጨባውን ሊነግራት አሰበና አሳፈረው፤ ነገሩ እንደዚህ ተራ ሆኖ ታየው።

«ኩሬው አሁን ትንሽ ውሃ ይዟል» አላት በዚያ ፈንታ። «ቢመለሱ ሰዉ ደስ ይለዋል። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«መንገሩን ጥሩ አደረጉ» አለች። «እኔ ግን እዚህ ለምጃለሁ።»

አለመልመዷ ከሁለ ነገሯ ያስታውቅ ነበር። አላስጨነቃትም። እስከ አውቶቡስ ተራው ድረስ ሸኘችው፤ በመንገድ ላይ ስለ እትዬ ጉልበት ጠየቀችው፣ ስለ ሚስቱ ጠየቀችው፣ ስለ ኩሬው አላነሣችም። ሊሳፈር ሲል ካርቶኑን አጣጥፋ ሰጠችው። «እኔ ጋ ምን ይሠራል? ሂሳቡ ልክ ነው፤ አንድ ሰው ከጠየቃችሁ አሳዩት» አለችው።

በመስኮቱ በኩል እጁን ሲያነሣላት እሷም አነሣች፤ አውቶቡሱ ተጠመዘዘ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። በዓመቱ እንዳረፈች የሰማው ከልብስ ሰፊው ሳይሆን ከሚስቱ ነው፤ ልብስ ሰፊው ለሁሉም ሲነግር እሱን ዘሎታል። ለቅሶ ከሄዱት ጋር እትዬን ደግፎ መኪናው ላይ አወጣትና ከኋላ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ሰዉ ስለ ቲቸር ሲያወራ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወፎቹ፣ እሱ አንድም ቃል አልጨመረም፤ የሚለው ጠፍቶት ሳይሆን፣ ማለት ያለበት ቀን አልፎ ነው።